የጾም ወይን

አስተናጋጁ ፍሬአብ «የተጨሰ ሥጋ» ሲል ሰባት ብርጭቆዎች ከአፍ ሊደርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ባሉበት ቆሙ። ስምንተኛው የአቶ ገብረሕይወት ነበር። እሳቸው ግን ቀደም ብለው ተጎንጭተዋል።

«ምን አልክ አንተ?» አሉ፣ የተጎነጩትን እንደ ምንም ከዋጡ በኋላ።

ፍሬአብ በእጁ የያዘውን ካርድ አየት አደረገ። «የተጨሰ ሥጋ፣ ወይራ፣ ቁንዶ በርበሬ። ማለቴ፣ ሲራህ የሚባል ጨዋማ ወይን ነው።»

«እና በሁለተኛው ሳምንት አስገደፍከኝ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት የሥራ ባልደረቦቻቸው ብርጭቆዎቻቸውን አንድ በአንድ አስቀመጡ። አንዷ እንዲያውም ራቅ አድርጋ ገፋችው። ዐቢይ ጾም ከገባ ገና አሥር ቀኑ ሲሆን፣ ስምንቱም የካዛንችሱን ሆቴል የመረጡት የጾም ቡፌው ጥሩ ነው ሲባል ሰምተው ነው። አቶ ገብረሕይወት ከሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሥራ በኋላ ጡረታ መውጣታቸው ስለሆነ ምሳው የስንብት ምሳ ነበር። ወይኑን ቀምሰን ደስ ካለን እንወስዳለን ብለዋል።

ሌላዋ አስተናጋጅ ስመኝ ይህን ሁሉ የምታየው ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነው። ሳቋ መጥቶባት ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች፤ ወዲያው ደግሞ ቀጥሎ ተራው የሷ መሆኑ ትዝ አላትና ሳቁ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆቴሉ አዲስ የወይን ዝርዝር አውጥቶ ከሁለቱ አንዱን የወይን አስተናጋጅ አድርጎ ሊመድብ ነው፤ ዛሬ ወይኑን ለእንግዶች አሳምሮ ያስረዳው ይመረጣል። የወይን አስተናጋጅ ጥቁር ሽርጥ አሥሮ፣ መክፈቻ ኪሱ ከትቶ፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ በክብር ይንጎራደዳል። ያልተመረጠው ከሰኞ ጀምሮ ወደ መኝታ ክፍሎች ምግብ ማድረስ ይመደባል። ሆቴሉ አምስት ፎቅ ሲሆን ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚያርፍበት ይበዛል። ፍሬአብ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ደረጃ ለሱ ስፖርት ነው። ስመኝ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ከዚያም በላይ ሆኗል።

ግን የጉልበት ነገር ብቻ አልነበረም። ስመኝ አፍንጫ አላት። ቅቤ በመጣ ቁጥር የወጥ ቤቱ ኃላፊ «ስመኝን ጥሯት» ይላል። እሷም ትሪዋን አስቀምጣ ትሄድና አሽትታ፣ ይኼ ይግባ፣ ያ ይመለስ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አፍንጫዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በነፃ ሲያገለግል ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ስሙ ተጠርቶ ቢሾም ምን አለበት ስትል ትመኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ሔለን ጠዋት ለሁለቱም ከዚያው ጠርሙስ ቀድታላቸው ነበር። ፍሬአብ ሁለት ጊዜ ቀመሰ፤ ከዚያም ከእንግሊዝኛው ማብራሪያ ጋር ስልኩ ላይ ተቀምጦ ቃል በቃል ሲተረጉም አረፈደ። ስመኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም አልቀመሰችም። ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ መጣ። ቀጥሎ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን፣ ገና ከጭሱ እንደተነሣ ሸተታት። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ዓይኗን ገለጠች። ቋንጣ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አሸተተች። ቋንጣው አልሄደም። ይህን ለጾመኛ አልናገርም ስትል ለራሷ ማለች።

አሁን ፍሬአብ ተናግሮላታል።

ሔለን በምሰሶው ጀርባ መጥታ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። ትርጉሙ ተሳስቷል በያቸው፣ ሥጋ የሚሸት ነገር የለም በይና በቃ ዝጊው አለቻት። ስመኝ ራሷን ነቀነቀችና ፎጣዋን አስተካክላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ፍሬአብ ጆሮው ቀልቶ ቦታ ለቀቀላት። ልጁ አሳዘናት። ሲያልፍ በክርኗ ነካ አድርጋ «አይዞህ» አለችው።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ ልጄ» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ሥጋ አለበት?»

«የለበትም ጋሼ። ከወይን ፍሬ በቀር ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ያ ልጅ ምን ነክቶት ነው?»

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር። ትርጉም ተሳስቷል ብላ አንድ ጊዜ ብትስቅ ሁሉም አብሮ ይስቅና ብርጭቆው ይነሣል። ሹመቱም የሷ ይሆናል። ግን ያን ቋንጣ በገዛ አፍንጫዋ አሽትታዋለች። አፍንጫዋን ከካደች ደግሞ የምትሾመው በምንድን ነው?

«ምንም አልነካውም ጋሼ» አለች። «ይሸታል።»

ሔለን ከምሰሶው አጠገብ ግንባሯን ያዘች።

«ሥጋ ይሸታል?»

«ቋንጣ ይሸታል። እኔ ቂርቆስ ነው የምኖረው፣ የጋራ ግቢ ውስጥ። ከጎኔ ኩልሱም የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ሙስሊም ናት። እኛ ስንጾም እሷ ቋንጣዋን ትሰቅላለች። ግድግዳችን አንድ ነውና ሽታው ሌላ መንገድ የለውም፣ እኔ ቤት ይገባል። አሸተዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስም ይለኛል። ግን በሽታ ገድፌ አላውቅም። ይኼ ወይን እንደ ኩልሱም ቋንጣ ነው። ሽታው መጣ እንጂ ሥጋው እዚያው ነው ያለው።»

ቀድመው የሳቁት ራሳቸው አቶ ገብረሕይወት ናቸው። ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥተው ስመኝ በእጇ እንዳሳየቻቸው አሽከርከር አደረጉና አፍንጫቸውን አስገቡ።

«ቋንጣውን ተዪው፣ ሌላ ነገር አለበት» አሉ ቆይተው። «ጭስ ጭስ የሚል።»

«ወይራ ነው ጋሼ።»

ደግመው አሸተቱ። እናታቸው ጠላ ጠምቀው ነበር ያስተማሯቸው፤ ልጅ ሆነው ጋኑ ሲታጠን ጭሱ ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው ሸሽተው ይወጡ ነበር። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ሰለል አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሮ ተቀምጬ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም አሉ። ባልደረቦቻቸው ሁሉ አፍንጫቸውን ብርጭቆ ውስጥ ከተቱ። ብርጭቆዋን የገፋችው ሴትዮ መልሳ ሳበችው።

ሦስት ጠርሙስ አዘዙ። በምሳው መሐል ሁለት ጨመሩ። ሲወጡ አቶ ገብረሕይወት ፍሬአብን ፈልገው ጨበጡትና «አንተም እውነትህን ነው ለካ» አሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሔለን ጥቁሩን ሽርጥ አጣጥፋ አምጥታ ስመኝ ፊት አስቀመጠችው። ቀጥላ ግን ከወጥ ቤት ያመጣችውን ትንሽ ሳህን አኖረች። ሳህኑ ላይ ፒዛ ላይ የሚደረጉት ጥቁር ድብልብል ፍሬዎች ነበሩ።

«እንግሊዝኛው ኦሊቭ የሚለው ይኼን ነው» አለች እየሳቀች። «ፍሬውን። ፍሬአብ ወይራ ብሎ ተረጎመው፣ አንቺ ደግሞ ጋን አጠንሽበት።»

ፍሬአብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መዝገበ ቃላቱ ወይራ ነው የሚለው እያለ ይከራከር ጀመር።

ስመኝ አንዷን ፍሬ አንሥታ ቀመሰች። እንዲህ ያለ ነገር በልታ አታውቅም። ጨውና ምሬት አፏን ጨመደዳትና ፊቷ ሲኮማተር ሁለቱም ሳቁባት። ከዚያ ብርጭቆዋን አነሣች፤ ጾሟን ውላ ያን ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጎነጨች። ምላሷ ላይ አቆየችው። ስኳር የለበትም። ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮዋን ሞቅ አደረገው፤ ከኋላው፣ ምላሷ ጥግ ላይ፣ ያ የፍሬው ጨው ብቅ ብሎ ሄደ።

«እሱም አለ» አለች ተገርማ። «ጨዋማ ያልከው ውሸት አይደለም ፍሬአብ። ብቻ ጾመኛ ሲሰማው ጨው የበዛበት ወጥ ይመስለዋል።»

ሔለን ዝርዝሩ ለሰኞ እንዲታተም አርሚው ብላ ካርዱንና እስክሪብቶ ሰጠቻት። ወይራ የሚለውን ሰርዘሽ የወይራ ፍሬ በይው፣ ሥጋ የሚለውን ደግሞ እንዳላየሽ ሆነሽ አጥፊው አለቻት።

ስመኝ ካርዱን ገልብጣ በባዶው ጀርባ ላይ ጻፈች። «ሲራህ፦ ስኳር የሌለው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የወይራ ጭስ፣» አለችና እስክሪብቶው ነጠላ ሰረዙ ላይ ቆመ።

«ፍሬውስ?» አለች ሔለን።

«ፍሬውን የሚያውቀው ሰው ሳይነግሩት ያገኘዋል። ጭሱን የሚያውቁት ይበዛሉ።»

ፍሬአብ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየ። «የሥጋው ሽታስ? ከተውነው ዋሸን ማለት ነው?»

ስመኝ መልስ ሳትሰጠው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ በጣቷ ለካችና ለሦስት ፊደል የሚበቃ ቦታ ባዶ ተወች።

«ጾሙ ሲፈታ እጽፈዋለሁ» አለች፤ ሽርጡንም አንሥታ ወገቧ ላይ አሠረች።