የዝርዝሩ የመጀመሪያ ቁጥር

“ገጹ አልተገኘም ነው የሚለኝ!” አለች ነርሷ በስልክ። “አምስት ጊዜ ሞከርኩት። ኦ ኔጌቲቩንም፣ ሌላውንም። ሁሉም ያው ነው።”

የድረ ገጽ ሠራተኛዋ ለምሳ የገዛችውን ዳቦ እንደ ጎረሰች ቀረች።

“ይቅርታ፣ የትኛው ገጽ ነው?”

“የደም ለጋሾቹ ነዋ! ከታች ‘ችግር ካጋጠመዎት ይደውሉ’ ብላችሁ የጻፋችሁት የቢሮ ቁጥር ይሄ አይደለም? ወላድ ይዣለሁ፣ ደም እየፈሰሳት ነው። የሷ ዓይነት ደግሞ ከደም ባንኩም አልቋል። ቶሎ ይበሉልኝ እህቴ!”

ስልኩ ተዘጋ።

የበጎ ፈቃደኛ ደም ለጋሾች ማኅበርን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለጋሾች ይመዘገባሉ፣ በየደም ዓይነታቸው ይደረደራሉ፣ ስማቸው ተደብቆ ስልካቸው ብቻ ይታያል። የጨነቀው ሆስፒታል ከፍቶ ይደውላል። ቢሮ ውስጥ “ፈጣኗ” ይሏታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም።

ገጹን ከፈተችው። ገጹ አልተገኘም። ኤ ፖዘቲቭን ሞከረች። አልተገኘም። ቢንም ኤቢንም ነካካች። ክው አለች።

ጠዋት የማኅበሩ ሰብሳቢ ደውለው፣ “ልጄ፣ አድራሻው ላይ ‘ለጋሾች’ ብቻ ሲባል ምን እንደሚለግሱ አይታወቅም። ‘ደም ለጋሾች’ አድርጊልኝ” ብለዋት ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቀየረችው፣ ኮምፒዩተሩን ከደነችና ዳቦ ልትገዛ ወጣች። መሥራቱን እንኳ ከፍታ አላየችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አጠገቧ ተቀምጦ ዓርማ የሚሥለው ባልደረባዋ ቀና አለ። “ምነው? ፊትሽ ኖራ መሰለ እኮ።”

“አጠፋኋቸው! ለጋሾቹን በሙሉ አጠፋኋቸው! ሆስፒታል አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው!”

“ረጋ በይ እንጂ። የትናንት ቅጂ አለሽ አይደል? እሱን መልሺውና ተገላገይ።”

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ ትናንት የነበረው ሁሉ ይመለሳል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረሰች። ከዚያ የዛሬ ጠዋት ለጋሾች ትዝ አሏት። ማኅበሩ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ድንኳን ተክሎ አርባ ሦስት አዲስ ለጋሾች መዝግቧል፤ ቁጥራቸው የገባው ዛሬ ነው። የትናንቱ ቅጂ አያውቃቸውም።

“የዛሬዎቹስ?” አለች።

“የትናንቶቹ አይበቁም? ሴትዮዋ ልትሞት ነው’ኮ ያሉሽ!”

ጣቷን ግን አነሣች። ጎብኚ በማያየው በኩል ገብታ መዝገቡን ከፈተችው። ሁሉም አሉ። ከመጀመሪያው ለጋሽ እስከ ዛሬ ጠዋቶቹ፣ ከነስልካቸው ቁጭ ብለዋል።

“ወይ እኔ!” ብላ ግንባሯን መታች።

ሥራ ለሚለማመድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምትነግረው ነገር ነው። የዝርዝር አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥር ወደ አድራሻዎች ማስተካከያ ግቡ፣ ምንም ሳትነኩ “አስቀምጥ” የሚለውን ተጫኑ። ድረ ገጹ የመንገዶቹን መዝገብ አድሶ የሚጽፈው ያኔ ነው፤ እስኪያድስ ድረስ በአዲሱ አድራሻ የመጣውን ሁሉ አላውቅህም ይላል። ስንቱን ሰው አስተምራዋለች! ገባች፣ ምንም ሳትነካ ተጫነች። ኦ ኔጌቲቭን ከፈተች። ሁለት ስልክ ቁጥሮች ተደርድረው ብቅ አሉ። ቁጥሮቹን ልብ ብላ አላነበበቻቸውም።

ነርሷ ዘንድ ደወለች። “ይክፈቱት፣ ተስተካክሏል!”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ!”

ባልደረባዋ ሳቀ። “ይህን ሁሉ ያንቀጠቀጠሽ አንዲት ቁልፍ ናት?”

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የግል ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው የመሥመር ስልክ ነው።

“ሄሎ፣ ከሆስፒታል ነው። ኦ ኔጌቲቭ ለጋሽ ነዎት አይደል? ያሉበትን ይንገሩኝ፣ መኪና እንልካለን።”

“እኔ?”

“እንዴ! ይሄ ድምፅ… አሁን ያናገርኩዎት እርስዎ አይደሉም?”

“ነኝ።”

“ታዲያ ለጋሽ ሆነው ነው ዝም ያሉኝ?”

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያን ጊዜ፣ ድረ ገጹን ስትሠራ፣ ኦ ኔጌቲቭ አንድም ሰው አልነበረውም። ባዶ ገጽ ለሰብሳቢው ማሳየት አሳፈራትና የራሷን ስልክ ለሙከራ አስገባች። ነገ አጠፋዋለሁ አለች፤ እስከ ትናንት ድረስም በዚያ ዓይነት ሌላ የተመዘገበ አልነበረም። የደም ዓይነቷን ግን ዛሬም አታውቀውም፤ ተመርምራ አታውቅም።

“የሙከራ ነው” አለች። “የውሸት ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ለሁለተኛው ይደውሉ፣ እሱ የዛሬ ጠዋት ነው፣ እውነተኛ ነው። እባክዎን አሁኑኑ ይደውሉ!”

ነርሷ አልተሳደበችም፤ ዘጋችው።

“የዛሬ ጠዋት ነው አልሽ?” አለ ባልደረባዋ ቀስ ብሎ።

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። የትናንቱን ቅጂ መልሳ ቢሆን ኖሮ ነርሷ የምታገኘው ብቸኛ ቁጥር የሷ ነበር። እሱ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። እሷም የሙከራውን መዝገብ አጠፋችው፤ ከዚያ ስልኩን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ጠበቀች። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ደረቀ።

ነርሷ የደወለችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። “ሰውዬው መጥቶ ሰጥቷል። እናትየዋ ዓይኗን ገልጣለች፣ ልጁም ደህና ነው” አለች። “እህቴ፣ ሌላ እንደዚያ ያለ ቁጥር አለ?”

“የለም። አንድ በአንድ አይቻለሁ።”

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። መናኸሪያው በር ላይ ድንኳኑን ሊያፈርሱት ገመዱን እየፈቱ ነበር።

“አንድ ሰው ብቻ” አለች እያለከለከች። “እባካችሁ።”

መዝጋቢው ቅጹን ሰጣት። ስሟንና ስልኳን ሞላች። የደም ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

“የሚያውቁት ከሆነ ይሙሉት” አላት መዝጋቢው። “ካላወቁትም ግድ የለም፣ እዚሁ እናየዋለን።”

“አላውቀውም” ብላ ጻፈችና እጅጌዋን ሰበሰበች።