አንሶላው ላይ ዱብ ያለችው ሰማያዊ

ክሎቲልድ ማርቬዦል በውሃ ቀለም አበባ ስትስል የማያደንቃት አልነበረም። ሴት ልጅ አበባ እስከሳለች ድረስ ፓሪስ ምን ከፋት! እሷን የሚስባት ግን የሰው ኑሮ ነው፤ ዓሣ ሻጯ፣ ድስት ጠጋኙ፣ በረንዳ ላይ የሚጨቃጨቁት ጎረቤታሞች። የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ማኅበር አምናም ካቻምናም ሥዕሏን መለሰባት፤ የዳኞቹ አለቃም አበባ ብትስዪ ይሻልሻል ብለው መከሯት። ዘንድሮም ከመለሰባት የሴቶች የእጅ ማራገቢያ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥራ ዕድሜ ልኳን ማራገቢያ ላይ ጽጌረዳ ስትቀባ ልትኖር ነው።

ዘንድሮ የያዘችው በሴን ወንዝ ዳር የታሰረውን የልብስ አጣቢዎች ጀልባ ነበር። ሥዕሉ መሃል ላይ ዜሊ የተባለችው አጣቢ ትልቅ አንሶላ ዘርግታለች። የማኅበሩ ዳኞች ነጭ ቀለም የነካውን ሥዕል ማየትም አይፈልጉ። ነጩ ራሱ ወረቀቱ መሆን አለበት፣ ምንም ሳይነካው የተተወ። ስለዚህ ክሎቲልድ ያን አንሶላ እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቀው ከረመች።

ሥዕሉ ለማኅበሩ ሊገባ በዋዜማው፣ ክሎቲልድ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ስትስል፣ ዜሊ ከጀልባው ላይ እንደ ልማዷ ወጋ አደረገቻት።

«እትዬ ክሎቲልድ፣ እርስዎ አንድ አንሶላ ስለው ሳይጨርሱ እኔ የሰፈሩን ሁሉ አጥቤ አሰጣሁ።»

ክሎቲልድ ሳቀች። በሳቋ መሃል ከብሩሿ ጫፍ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ የሥዕሉ አንሶላ ላይ ዱብ አለች።

ቢፍቁት ወረቀቱ ይላጣል፣ ነጭ ቢደርቡበት ዳኞቹ ከሩቅ ያውቁታል። አለቀልኝ አለች በሆዷ። ዜሊ ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ፣ ልብስ የሚያነጣውን ሰማያዊ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ የመጨረሻው መለቅለቂያ ውሃ ውስጥ ነከረች። ውሃው ሰማያዊ ሆነ፤ የገባበት አንሶላ ግን ከበፊቱ ነጥቶ ወጣ። ክሎቲልድ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዋለች፤ ልብ ያለችው ግን ገና አሁን ነው።

ወንዝ ዳር ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ብሩሿን ንጹሕ ውሃ ነክራ ጠብታዋ ላይ ለቀቀችባት። ሰማያዊው ሳስቶ በአንሶላው እጥፋት ሁሉ ሮጠና ጥላ ሆነ፤ ዳር ዳሩን የተረፈው ባዶ ወረቀትም ቦግ አለ። ጀንበር ሳትጠልቅ ጨረሰችው።

ማኅበሩ ዘንድሮ ሥዕሏን አልመለሰባትም። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ቀን ሥዕሏን ጣሪያ ሥር ስትፈልግ አንገቷ ታመመ። ስም የሌለው ሠዓሊ የሚሰቀለው እዚያ ነው። የሷ ግን እታች፣ ልክ በዓይን ትክክል ተሰቅሏል፣ ሰው ከቦታል። የዳኞቹ አለቃ ሽማግሌው ሙሴ ባርዱ አፍንጫቸው የሥዕሉን መስታወት ሊነካ ደርሷል።

«ልጄ፣ ይህን ሰማያዊ ስንት ወረቀት አበላሽተሽ አገኘሽው?»

ልትዋሽ ቃጣት፤ ግን ተወችው። «ጠብ ብሎብኝ ነው፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለው ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «አበባ ሳዪ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ፤ አፌን በቆረጠው! እንዲህ የሚሳሳት እጅ ለኔም ይስጠኝ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ክሎቲልድም በዚያ ሁሉ ባለ ባርኔጣ ፊት፣ ሳታፍር፣ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።