የግራንት ቦክልማን ሹም ሽር

ግራንት ቦክልማን ከአንድ የቤዝቦል ክለብ በተባረረ ቁጥር የተሻለ ሹመት ይጠብቀው ነበር። ሚስቱ ማርሊስ ይህን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ አይታለች፤ እስካሁን ግን አልገባትም። ሌላው ሰው ዳቦ ሲያሳርር ይባረራል፤ ከዚያ ወዲያ ምድጃ የሚያስነካው የለም። ግራንት ግን ያሳርራል፣ ይባረራል፣ ከዚያ የበለጠ ትልቅ ዳቦ ቤት ይሰጡታል።

ሥራ የጀመረው አዮዋ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ፣ ትኬት በስልክ በመሸጥ ነው። እዚያ እያለ ተመልካች ለመሳብ ብሎ በር ላይ ለሦስት ሺህ ሰው ፊሽካ በነፃ አደለ። ሦስት ሺህ ሰው ፊሽካውን ሲነፋ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ሜዳውን ጥሎ ወጣ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። አለቆቹ "ሐሳብ የሚያፈልቅ ሰው ነው" ብለው የትንሿ ክለብ ባለቤት ወደሆነው ትልቅ ክለብ አሳደጉት። እዚያ ደግሞ አለቃው በሽንፈት ብዛት ሲባረር ግራንት ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ከጥፋቱ ጋር ስሙ አልተነሳም፤ ወንበሩን ወረሰ። በሁለት ዓመት ክለቡን ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ አስቀምጦ እሱም ሲባረር ሌላ ክለብ "የፕሬዚዳንቱ ልዩ አማካሪ" ብሎ ቀጠረው።

"ምን ብለህ ነው የምታማክረው?" ብላ ጠይቃው ነበር ያኔ።

"እስካሁን አልጠየቀኝም" አላት፤ ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ነገር አልነበረም።

እሱ ሲሾም ሲሻር ቤተሰቡ ስድስት ቤት ቀየረ፤ ልጃቸው ቴሳም አምስት ትምህርት ቤት ገባች። በአራተኛው ትምህርት ቤት አብሯት የሚቀመጥ ጠፍቶ ሦስት ወር ሙሉ ምሳዋን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር የምትበላው። ማርሊስ ይህን የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው። ድሮም ክፉ ነገር ሳይመጣ የሚታያት ሴት ነበረች፤ ያን ከሰማች ወዲህ ግን ስልክ ሲጮህ ልቧ ስፍራውን ይለቃል።

ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ግራንት የፖርት ሃርላን ሽመላዎች የሚባለው ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም ቃል አስገባችው፤ ቴሳ ሁለተኛ ደረጃን እስክትጨርስ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ የለም። "እሺ" አለ። ቴሳም እዚያ ጓደኛ አገኘች፤ የትምህርት ቤቱ የውሃ ዋና ቡድን ውስጥ ገባች፤ በበጋው በከተማው መዋኛ ሕፃናት ታስተምር ጀመር። የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ማርሊስ ያችን አንድ ዓመት እጇ ላይ እንዳለ እንቁላል ትፈራላት ነበር፤ ምክንያቱም ሽመላዎቹ ይሸነፉ ነበር፤ ከተሸነፉ ግራንት ይባረራል፤ ከተባረረ ሌላ ከተማ ይሾማል።

ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ያን ዕለት እስከ አሥር ሰዓት ያልተለዋወጠ ለዚያ ዓመት አበቃለት። ማርሊስ ቴሳ ባርኔጣዋን ረስታ ስለሄደች ፀሐይ ሳይመታት ላድርስላት ብላ ከሰዓት በኋላ ወደ መዋኛው ሄደች። የሽመላዎቹ ኳስ ተቀባይ የዊልመር አሬላኖ ሚስት ዮሌይዳ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ልጆቿን ትጠብቃለች።

"ነይ እስቲ ተቀመጪ" አለቻት። "ባልሽ ባሌን ሊለውጠው ነው አሉ።"

"ለእኔ ምንም አልነገረኝም።"

"ለአንቺማ ምን ብሎ ይነግርሻል። በሁለት ልጆች ነው አሉ የሚለውጠው። ዊልመርን የሚያህል ሰው፣ ጢም ባላበቀሉ ሁለት ልጆች።"

"ዮሌይዳ፣ በጣም አዝናለሁ።"

"ለእኔ አትዘኚ፤ የትም አንሄድም። ዊልመር ሊጉ ውስጥ አሥር ዓመት ሞላው። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት እዚሁ ነው የተጫወተው። እንዲህ ያለውን ሰው እሱ ካልፈቀደ ማን ይለውጠዋል?"

ደንቡን ማርሊስም ታውቀዋለች። ጠዋት ግራንት ቁርሱን ቆሞ እየበላ በስልክ "ዘጠኝ ቀን ይጎድለዋል፤ ቶሎ በሉ" ሲል ሰምታዋለች። የማን ዘጠኝ ቀን እንደሆነ አሁን ገባት።

"እነሱ አሥር ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ይጎድለዋል ነው የሚሉት" አለች።

ዮሌይዳ ሳቀች። "መጀመሪያው ዓመት ላይ እጁ ተሰብሮ ነበር። የድሮው ክለቡ ቀን እንዳይቆጠርለት ብሎ ከነስብራቱ ወደ ታችኛው ቡድን አወረደው። የተጫዋቾቹ ማኅበር ሽንጡን ገትሮ ተከራክሮ ሃያ ቀን አስመልሶለታል። ሊጉ መዝገብ ላይ አለ፤ ደብዳቤውም ቤቴ አለ። የባልሽ ኮምፒዩተር ላይ ግን የለም ማለት ነው።"

"ለምን አልነገራችሁትም?"

"ማን ጠየቀን?" አለች ዮሌይዳ። ከዚያ በአገጯ ወደ ውሃው አመለከተች፤ ቴሳ አንዱን ሕፃን በብብቱ ይዛ ታባብላለች። "ትንሹ ገና ፊቱን እንኳ ውሃ አላስነካም። ሌላ ከተማ ወስጄ ከማን ጋር ልጀምረው?"

ማርሊስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁሉም ነገር በተርታ ታያት፤ መግለጫው፣ ውርደቱ፣ ስንብቱ፣ ካርቶኑ፣ ቴሳ ማንንም በማታውቅበት ኮሪደር ውስጥ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ደወለች።

"ግራንት፣ ዊልመርን እንዳትነካው። አሥር ዓመቱን ሞልቷል።"

"ማን አለ?"

"ዮሌይዳ። መዋኛው ጋ ነኝ።"

"ሰማችሁ?" አለ ግራንት ከስልኩ ራቅ ብሎ። "ከመዋኛው ሪፖርት ደርሶናል።" የብዙ ሰው ሳቅ ተሰማ። "ማርሊስ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ። አራቱ የሒሳብ ዶክተሮች ናቸው።"

"ታዲያ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሊጉ ጋ ይደውላ። አንድ ስልክ ነው።"

"ዛሬ ሠላሳ ክለብ ነው የሚደውልላቸው። ለማይረባ ነገር ወረፋ አልይዝም።"

"በቴሳ ይዤሃለሁ፣ ደውል።"

"ቴሳን የፀሐይ ቅባት ቀቢያት" አለና ዘጋው።

ግራንት ካሜራ ሲያይ አያስችለውም። ሊጉ እስኪያጸድቅ እንኳ አልጠበቀም፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አዲስ ክራባት አስሮ መግለጫ ሰጠ። "ዛሬ የክለባችንን ቀጣይ አሥር ዓመት ሠራን" አለ። በወዲያኛው ክለብ ሁለቱን ልጆች ጓደኞቻቸው አቅፈው ሸኝተዋቸው፣ አንደኛው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ነበር። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሊጉ ደወለ፤ ተጫዋቹ ፈቅዷል ወይ?

ግራንት ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወደ ልብስ መቀየሪያው ወረደ። እዚያ የሆነውን ማርሊስ በኋላ ከዮሌይዳ ነው የሰማችው። ዊልመር ሩዝ በጥቁር ባቄላ ይበላ ነበር።

"ዊልመር፣ ወንድሜ" አለው ግራንት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያናገረው፤ አንዱን ጊዜ "ዊልሰን" ብሎ ነው። "ለቤተሰብህ ትልቅ ዕድል ይዤልህ መጣሁ።"

"ቤተሰቤን ታውቃቸዋለህ?"

"እንዴታ።"

"ስንት ልጆች አሉኝ?"

ግራንት ረዳቱን አየ። ረዳቱ ኮምፒዩተሩን አየ። ዊልመር የቀረችውን ሩዝ ጠራርጎ በልቶ ሳህኑን አስቀመጠና "አልሄድም" አለ። አሥር ሰዓት ሆነ።

በማግስቱ ዊልመር ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ከአንድ እስከ አሥር እየጮኸ ቆጠረ፤ ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ሜዳው ሳይሆን የሥራ አስኪያጁ መስኮት ወዳለበት ነበር። በመስከረም የክለቡ ባለቤት፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ላውተንባክ፣ ግራንትን አስጠርተው አሰናበቱት። ሲወጣም "ክራባትህ ግን ያማረ ነበር" አሉት። ይህን ቤት ገብቶ እንደ ምስጋና ነገራት።

ማርሊስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ስትጠብቅ ከረመች። ማንም እንዳይደውል ጸለየች፤ ለባሏ ሥራ ማጣት ስትጸልይ ራሷን ታዘበች። ስልኩ በሦስተኛው ሳምንት ጮኸ። ሩቅ በረሃማ ግዛት ውስጥ ያለ ክለብ ነበር። ግራንት አውርቶ ጨርሶ ወደ ወጥ ቤት ሲመጣ አንድ ጣት ቁመት የጨመረ ይመስል ነበር።

"ከስህተቱ የተማረ ሰው ነው የምንፈልገው አሉ።"

"ምንድን ነው የተማርከው?" አለች ማርሊስ።

"ዝርዝሩ ላይ ገና አልደረስንም። ቤቱን እንሸጣለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚያ መድረስ አለብን።"

ቴሳ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። "አባዬ፣ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ቃል ገብተሃል እኮ።"

"ቃል የገባሁት የዚህ ክለብ ሠራተኛ ሆኜ ነው" አለ ግራንት ዐይኑን በጨው አጥቦ። "አሁን ሌላ ሁኔታ ላይ ነን። እዚያም መዋኛ አለ። በረሃ ስለሆነ እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ይዋኛል።"

ቴሳ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋችና እናቷን "ስንት ካርቶን ያስፈልገኛል?" ብላ ጠየቀቻት፤ ልክ ስንት እርሳስ ያስፈልገኛል እንደሚሉት።

ማርሊስ ያንን አልቻለችም። እንደ ልማዷ የሚመጣው ክፉ ነገር ሁሉ በዐይኗ ዞረ፤ ክረምቱን ብቻቸውን ሲገፉት፣ ማሞቂያው በበረዶ መሃል ሲበላሽ፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ጎረቤት ሲያማ። ሁሉንም አየችው። ቴሳ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በጉልበቷ ላይ ዳቦ ይዛ ከምትቀመጥበት ጋር ስታስተያየው አንዱም አልደረሰበትም።

"አንድም አያስፈልግሽ" አለቻት። "ካርቶን የሚያስፈልገው አባትሽን ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አለ ግራንት።

"ሂድ ማለት ነው። ሹመትህ አያምልጥህ። እኛ እስከ ሰኔ እዚህ ነን፤ ከሰኔ በኋላ ያለውን ከሰኔ በኋላ አያለሁ።"

"ብቻዬን? ሰዎቹ ምን ይሉኛል?"

"ሦስት ሺህ ሰው ፊሽካ ነፍቶብህ ምንም አልሆንክ።"

ግራንት ሚስቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ያውቅበታል። ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ በረረ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ፔግ ሩትላንድ የምትባል ቤት አሻሻጭ መጥታ "የሚሸጥ" የሚል ሰሌዳ ግቢው ሣር ላይ በመዶሻ ትተክል ጀመር። ማርሊስ በነጠላ ጫማ ወጣች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ባለቤትዎ በስልክ አዘውኝ ነው እኮ። ፈርመዋል።"

"የእኔ ፊርማስ?"

"እሱማ ገና ነው" አለች ፔግ። "እስከዚያ ሰሌዳው ይታይ ብለው ነው።"

"እንግዲያው የእሱን ድርሻ ሽጪለት። ምድር ቤት ነው ያለው፤ አንገታቸው የሚወዛወዝ የተጫዋች አሻንጉሊቶች ናቸው። ሁለት መቶ ይሆናሉ። ገዢ ካገኘሽ አሁኑኑ ተሸክሞ ይሂድ።"

ፔግ ልትስቅ አስባ የማርሊስን ፊት አይታ ተወችው። ማርሊስ የሰሌዳውን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀነቀችው፤ አልወጣም። እግሯን አጽንታ በሙሉ ኃይሏ ስትስበው ተነቀለ። ከጉድጓዱ ውሃ ፊን ብሎ ወጣና ከጉልበቷ በታች አራሳት፤ የእንጨቱ ጫፍ የሣሩን ማጠጫ ቧንቧ በስቶታል።

"እኔ ቧንቧ እንዳለ አላወቅሁም" አለች ፔግ ወደ ኋላ እየሸሸች።

"እማ፣ ምን ሆነ?" አለች ቴሳ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከበሩ ብቅ ብላ።

"ምንም አልሆነ። ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ" አለች ማርሊስ። ሰሌዳውን በፔግ መኪና ላይ አስደገፈችና፣ ውሃው የሚዘጋው የት ይሆን እያለች፣ የረጠበ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረች።