ያልተመለሰችው የወንፈል ቀን

የዩኒቨርሲቲው መምህራን አድማ ከመቱ አሥረኛ ቀናቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ወረታ ከገባ ሰንብቷል። ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ከተሳፈረ ሁለቱ ከመምህራኑ ጋር፣ አንዱ በመምህራኑ ላይ ይሆናል፤ ሾፌሩም ክርክሩን ሲያዳምጥ ሦስቱንም ከመውረጃቸው ያሳልፋቸዋል። ሥጋ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ የሩዝ መፈልፈያው በር ላይ፣ አንድ መምህር ምን ያህል ሲቸግረው ሥራ ማቆም እንዳለበት የማያውቅ ሰው ጠፋ።

ዝም ያለችው ወይዘሮ ሙናዬ ብቻ ነበረች። ሐሳብ አጥታ አይደለም። ሁለቱም ወገን ልክ መስሎ ታያት፤ ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ደግሞ በመሀል የምትረገጠው የእሷ ልጅ ሆነች።

ሙናዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ሁለት ጥማድ ሩዝ አላት። ባሏ የኔነህ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ልጃቸው ሔለን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ጨርሳ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ጽፋ ቤት ገብታለች። የቀራት የአማካሪዋ ፊርማ ነው። በወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ የተፈረመበት ጽሑፍ እስከ ዓርብ ያስገባ ይመረቃል፤ ያላስገባ ለከርሞ ነው። አማካሪዋ መምህር ይልቃል ይባላል። ይልቃል የጎረቤታቸው የአያ ይርዳው የበኩር ልጅ ነው። አድማውን ከሚያስተባብሩት አንዱም እሱ ነው። ሥራ ካቆመ ወዲህ አባቱ ቤት ስለሚያድር፣ ከሙናዬ ደጅ ሲያስል ይሰማል።

«ሂጂና ለምኚው» አለቻት ሙናዬ።

«አልለምነውም። አድማው ልክ ነው፣ እማዬ።»

«እኔስ ልክ አይደለም አልኩ?»

«ታዲያ?»

«ልክ የሆነ ነገር ሁሉ የሚቆመው በኔ ልጅ ላይ ነው ወይ ነው የምልሽ።»

ሔለን አልመለሰችም። ያ ዝምታ ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ከእንዲህ ያለ ዝምታ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው እንደማይገፋ ያውቃል። ሙናዬም ተወቻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሳይዞር ነገር ተጀመረ። የጀመረው ገበያው የሚባል ሰው ነው። ገበያው ከአዲስ አበባ መጥቶ የሩዝ መፈልፈያ ከከፈተ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ሰው አሁንም «እንግዳው» ይለዋል፤ እሱም እንደ እንግዳ አይሰማውም፣ እንደ እንግዳም አይናገርም።

«እኔ መፈልፈያዬን አንድ ቀን ባቆም ወረታ በሙሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል» አለ። «እነሱ አሥር ቀን አቁመው ማን አወቀ?»

«አንተ አወቅህ» አሉ አያ ይርዳው። «አሥሩንም ቀን ስታወራው ከረምህ። ልጄ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሥራው ቦታ ለሦስት በአንድ ክፍል ያድራል። በሬ እንኳ ለሦስት አይጠመድም።»

«በሬ አያስተምርማ፣ አያ ይርዳው።»

«ልጄም አሁን አያስተምርም።»

ሰንበቴው ሳቀ። ይልቃል ዳቦውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። አባቱ ሲደግፉት ከሚደርስበት ነገር ይልቅ ገበያው ሲነቅፈው ይቀለዋል።

«ገበሬስ አድማ ቢመታ?» አለ አንዱ።

«በማን ላይ? በአረሙ ላይ?» አለ ሌላው።

ሙናዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ወደተቀመጡበት ዞራ እጅ ነሣች።

«የኔታ፣ እርስዎ ባሉበት የምናገረው አለኝ። አያ ይርዳው፣ ያቺን ቀን ልቀበል ነው።»

ያቺን ቀን የማያውቅ አልነበረም።

ወንፈል ቀን በቀን ነው። አንዱ ለአንዱ አንድ ቀን ያርምለታል፣ ያም በተራው መጥቶ አንድ ቀን ይመልሳል። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ የኔነህ ለአያ ይርዳው አንድ ቀን ሩዝ አረመ። ማታ ቤቱ ገብቶ እግሩን ታጠበ፤ ደረቴን አለ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ቀን የሠራበት ቀን የለም። አርባው ወጥቶ አያ ይርዳው ቀኑን ሊመልሱ ሲመጡ ሙናዬ «ትቆይ» አለቻቸው። በዓመቱ መጡ፤ «ትቆይ»። አምናም መጥተው ምርር አላቸው፦ «እንግዲህ የሙት ቀን ተሸክሜ ስሄድ እዚያ ምን ልበለው?»

«ሙናዬ ትቆይ ብላለች ይበሉት» አለቻቸው።

አሁን ግን አያ ይርዳው ፊታቸው በራ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ሸክም አወረድሽልኝ። ማክሰኞ አምስት ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ያበደረው አንድ ሰው ነው፤ የሚመልሰውም አንድ ሰው ይሁን። ይልቃል ይምጣልኝ።»

ይልቃል ቀና አለ። «እመጣለሁ፣ እትዬ ሙናዬ። ያቆምነው ማስተማር ነው፤ እርሻ አላቆምንም።»

«ተው፣ ተው» አለ ገበያው። «ይቺ ሴትዮ ማሳ ላይ ወስዳ ወረቀት ልታስነብበው ነው።»

ነገሩ እንደገና ጋለ። ገሚሱ ወንፈል በተበደሩበት ሥራ ይመለሳል፣ አረም በአረም ነው አለ። ገሚሱ፣ አይደለም፣ አምና እገሌ ለአረም ቤት ከድኖ መልሷል አለ። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና እጃቸውን አነሡ።

«የወንፈል ቀን የሠራተኛው አይደለችም፤ የባለቤቷ ናት። ሠራተኛው ከማሳው የሚወጣ ባለማሳዋ ስትመርቀው ነው። ከአባቶቻችን የተረከብነው ይኸው ነው። ሌላውን ማሳው ላይ ጨርሱት።»

«ይሁን» አለ ይልቃል፣ አስተባባሪነቱ ትዝ ብሎት። «ግን ወረቀት አላነብም፤ አልፈርምምም።»

«ማን አንብብ አለህ?» አለች ሙናዬ።

ማክሰኞ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ረፋዱ ላይ አባራ። ይልቃል ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ፣ ከማሳው ሳይታረም በቀረችው የአንድ ሰው ቀን ቁራጭ ላይ ውኃው ውስጥ ገባ። ያን ዕለት ዙሪያውን ያለው ማሳ ሁሉ አረም ጠራን ያለ ይመስል ሰው ሞላበት፤ እስከ ጳጉሜ የማያርሙ ሰዎች እንኳ በሐምሌ መጥተው አጎነበሱ። ገበያው መፈልፈያውን ለሠራተኛ ትቶ፣ ጃንጥላ ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ። አንድ ሰው በዓይኑ ያየ መኖር አለበት አለ።

ሔለን የማሳው ድንበር ላይ ተቀምጣ ጽሑፏን ከፈተች። የመጀመሪያውን ገጽ ሳታነብ ገለበጠችው። ሙናዬ አየች፤ አልጠየቀችም። ከዚያ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረች።

ይልቃል ወገቡን አቀና። «እትዬ፣ ይሄ አልተባለም።»

«ምኑ?»

«እያነበበችልኝ ነው።»

«ላንተ ነው ያለህ ማን ነው? ለኔ ነው። ይህን ያህል ዓመት ምን ስትሠራ እንደከረመች ልስማ እንጂ። አንተ አረምህን ንቀል።»

«በእንግሊዝኛ ነውኮ የምታነበው።»

«እውነትህን ነው። ሔለን፣ ባማርኛ አድርጊልኝ።»

የጎረቤት ማሳዎችም ባማርኛ ይሁን ብለው ደገፉ። ሔለን እየተረጎመች ቀጠለች። ጽሑፉ ስለ ፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ለአረሙ ስለሚሄደው የሰው ጉልበት ነው። ይልቃል ጥርሱን ነክሶ ያርማል። አንዴ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸው አስተማረ» አለ ገበያው ከመንገዱ።

«ራሱን ቢነቀንቅ ምን አለ?» አሉ አያ ይርዳው።

«መምህር ሲነቀንቅ ማስተማር ነው።»

«እንግዲያው የኔም በሬ መምህር ነው።»

ይልቃል ጆሮው እዚያ፣ እጁ እዚህ ሆኖ አንድ እፍኝ ነቀለ። ሙናዬ ቀረብ አለችና ከእጁ ተቀበለችው። «ይሄ ሩዝ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለና መልሶ ጭቃው ውስጥ ተከለው። የዱር ሩዝ ከሩዝ መንታ ነው፤ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ብዙ የቆየ ዓይን እንኳ ይስታል፤ ብሎ ሊያስረዳ ጀምሮ፣ ማስረዳት አድማ ማፍረስ እንዳይሆንበት መሀል ላይ አቆመ። በዚያው አልቅት ባቱ ላይ ተለጠፈበት። አልቅት አድማ የመታና ያልመታ አይለይም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሔለን ምዕራፍ አራት ደረሰች። «አንድ ጥማድ ሩዝ ለመጀመሪያው አረም ብቻ በአማካይ አሥራ አንድ የሰው ቀን ይፈጃል» አለች፤ ድምፅዋ ቀነሰ። ከአድማው በፊት ይልቃል እዚህ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተጋነነ» ብሎ ጽፎባት ነበር።

ይልቃል በዝግታ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ ያረመውን ዞሮ አየ። አንዲት አውድማ ታክላለች። ቀሪውን አየ። ቀሪው እስከ ጣና የሚደርስ መሰለው።

«ስንት አልሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አራት በይው።»

«መረጃዬ አሥራ አንድ ነው የሚለው፣ መምህር።»

ይልቃል ጭቃውን ከእጁ አራገፈ። «እንግዲያው አሥራ አንዱ ይቆይ። ‹የተጋነነ› ያልኩትን ሰርዢው።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ገበያው ጃንጥላውን ወደ ሰማይ ወጋ። «ይኸው። ይህስ ማስተማር አይደለም?»

«አይደለም» አሉ አያ ይርዳው። «ይህ መማር ነው። ያቆሙት ማስተማሩን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ይልቃል መከላከሉን ተወው። ንፍሮና ጠላ ከተቀመሰ በኋላ ሔለን እያነበበች፣ እሱ እያጎነበሰ «እዚያ ላይ ምክንያቱን ጨምሪ»፣ «ይቺን አውጪያት» ሲል ዋለ። የጎረቤት ማሳዎችም የራሳቸውን አስተያየት ሰጡ። አንዲት ሴት የአረም ቀን ሲቆጠር ስንቅ ያመላለሰች ሴት ቀንም ይቆጠር አለች፤ ይልቃል ቆም ብሎ «ይህን ጻፊው» አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጽሑፉ አለቀ። ከቁራጯ አንዲት ጥግ ብቻ ቀረች፤ አንድ አልጋ የምታህል።

ይልቃል እጁንና እግሩን በማሳው ውኃ ታጥቦ ድንበሩ ላይ ቆመ። ምርቃቱን ይጠብቃል። ሙናዬ አልመረቀችም።

«ሙናዬ፣ ልጁን መርቂውና ይሂድ» አሉ አያ ይርዳው።

«ቀኑ አላለቀም።»

«ፀሐይዋ ገባችኮ።»

«ጫፏ አለች።»

ሁሉም ወደ ጣና አቅጣጫ አየ። ጫፏ አለች። ሰው ሁሉ ሙናዬ ለፊርማው ብላ መሰለው። ግማሹ እውነት ነበር። ከመረቀችው ግን ያቺ ቀን ተመለሰች ማለት ነው፤ ከተመለሰች ደግሞ ሰው እጅ ላይ ያለ፣ ነገ ይመጣል የሚባል የየኔነህ ነገር ከእንግዲህ የለም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሔለን ጽሑፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ አትለምንም። ይልቃል ራሱ ተቀበላት። ፊርማው የሚያርፍበትን ቦታ ሲፈልግ ጠዋት ሳይነበብ የታለፈው ገጽ ተገለጠ። ለአባቷ መታሰቢያ የተጻፈች ሦስት መስመር ናት፤ በልቡ አነበባት።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ብፈርም ጓደኞቼን ከዳሁ። ሃምሳ ሰው ነን ቃል የተገባባነው። ባልፈርም ደግሞ…»

አያ ይርዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔታ እሑድ ያሉትን ረሳኸው? ቀኗ ያንተ ብትሆን አልፈርምም ማለት መብትህ ነው፤ እኔም ከጎንህ ነኝ። ግን ያንተ አይደለችም። የየኔነህ ናት። የኔነህ ደግሞ አድማ አልመታም።»

ሁሉም መንገዱ ዳር ወደቆመው ወደ ገበያው ዞረ። ገበያው ጃንጥላውን አጠፈ።

ይልቃል የአባቱን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ። ከፊርማው ጎን ጭቃማ አውራ ጣቱም አረፈችበት። በኋላ አስተባባሪዎቹ ጠርተው ሲጠይቁት «የፈረምኩት የእኔ ባልሆነ ቀን ነው» ብሎ መለሰ አሉ፤ በዚህ መልስ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራክረው ያለ ውሳኔ ተበተኑ።

ሙናዬ ወረቀቷን አላየችም። ፀሐይዋን ነበር የምታየው። ጫፏ ስትጠልቅ ወደ ይልቃል ዞረች።

«ክንድህ አይዛል። ያሰብከው ይሙላልህ፤ ቤትም ይስጥህ፤ ለሦስት ከማደር ያውጣህ። እደግ።»

ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ይልቃል «አሜን» ብሎ ጫማውን አንጠልጥሎ፣ ወገቡን ይዞ ወጣ።

«ያቺን ጥግ ነገ መጥተን እንጨርሳታለን» አሉ አያ ይርዳው፣ ሸክም የወረደለት ሰው ቸርነት አድሮባቸው።

«እሷን ይተዉልኝ።»

ዓርብ ጽሑፉ ገባ። ክርክሩ ግን ወረታ ላይ ቀጠለ፤ አሁን ባጃጅ ውስጥ የሚጣሉት አንድ ሰው በሰው ቀን መፈረም ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ሆነ። ነሐሴ ሲገባ የሙናዬ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ፣ በዚያች አንድ ጥግ ብቻ እንግጫው ከሩዙ በላይ ቆመ። አያ ይርዳው ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አንድ ቀን አላስችል አላቸው።

«ሙናዬ፣ ያቺ ጥግ አሳፈረችንኮ። ሰው ምን ይላል?»

ሙናዬ ቀና ብላ ጥጓን አየቻት።

«ትቆይ» አለች።