ተሳፋሪ የላከው እርማት

ሹፌሩ ጡረታ ወጥቶ አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያስተዋውቀው በሚስቱ ነበር። «የኃላፊዋ ባለቤት» ይሉታል፤ እሱም ፈገግ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ሚስቱ የከተማው የፎቶግራፍ ማኅደር ኃላፊ ናት። እዚያ መሥሪያ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ የአንድም ፎቶ ቦታና ዓመት አይጻፍም። እንዲህ ያለች ሴት አግብቶ የሚከፋው ወንድ ካለ ችግሩ የራሱ ነው። ነገር ግን ሰው ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ ኖሮ ቤት ሲውል፣ የፎጣ አጣጠፉ ሳይቀር ሲታረም፣ አንድ ነገር ያምረዋል። ሹፌሩን ያማረው ከሚስቱ አፍ አንዲት ጊዜ፣ ባሏ ስለሆነ ሳይሆን እውነት ስለያዘ ብቻ፣ «ልክ ነህ» መባል ነበር።

ዕድሉን ያመጣለት ሶፍትዌር ነው። ማኅደሩ ፎቶዎቹን በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲከፍት፣ ከእያንዳንዱ መግለጫ ሥር «እርማት ጠቁሙ» የሚል ቁልፍ ገባ። ስሕተት ያየ ይጠቁማል፤ ገምጋሚ መርምሮ ያጸድቃል፣ አለዚያም ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። ዋናዋ ገምጋሚ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ሹፌሩ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ ከሶፋው ብድግ አለ። አሮጌ አውቶቡሶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ መግለጫው «ሰሜን መናኸሪያ» ይላል። «የት ያለ ሰሜን!» አለ ለራሱ። ይህማ ወንዝ ማዶ የነበረው፣ እሱ ሥራ የጀመረበት፣ ኋላም የፈረሰው መናኸሪያ ነው። የመዝጋቢዋን ስም ሲያይ ደግሞ ሚስቱ ሆና ተገኘች፤ ገና ጀማሪ ሳለች የጻፈችው ነው። ሊነግራት አሰበና ተወው። «እስቲ ሻይህን ጠጣ» ብላ እንደምታልፈው ያውቃል። ሴት ልጁ ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ በራስህ ስም ከገባህ እኮ ወዲያው ታውቅሃለች» አለችው ልጁ።

«ለዚህ አይደል የደወልኩልሽ? ተሳፋሪ ብለሽ መዝግቢኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ተሳፍሬ አላውቅም።»

«ይህ ወንዝ ማዶ ነው፤ አውቀዋለሁ» ብሎ ላከ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ክቡር ተሳፋሪ፣ ማወቅዎን አልተጠራጠርንም። ይሁንና ትዝታ ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን ጥቆማዎን አልተቀበልነውም። እናመሰግናለን።» ሹፌሩ ደጋግሞ አነበበው። ክቡር! እርስዎ! እናመሰግናለን! ያን ዕለት ጠዋት «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ካልሲ ከዚህ አታነሣም?» ብላው ነበር የወጣችው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው።

ቀጥሎ የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን ምስክርነት አክሎ ላከ። «የሁለት ሰው ትዝታም ያው ትዝታ ነው» ተባለ። አሁንስ በገነ። የራሷ ጽሑፍ ስለሆነ ነው እንጂ!

እራት ላይ ወሬውን ያነሣችው ራሷ ናት። «አንድ ተሳፋሪ የሚሉት ሰው መጥቶብኛል። ግትርነቱ!»

«ምናልባት ልክ ቢሆንስ?» አለ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ።

«ቢሆንማ ደስ ይለኛል። እኔ የምጽፈው ለማያውቀኝ ሰው ነው። ነገ ያ ሰው ፎቶውን ሲያይ፣ እገሌ ስላለ ሳይሆን በገዛ ዓይኑ አይቶ እንዲያምን ነው የምፈልገው።»

ሹፌሩ ማኘኩን አቆመ። ተናዶባትም ቢሆን ኮራባት።

በማግስቱ ፎቶውን ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ አየው። ያኔ ነው ድንጋዮቹ የታዩት፤ በየአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ተወትፏል። ወንዝ ማዶ ቁልቁለት ስለነበር የእጅ ፍሬን ብቻ አምኖ ከአውቶቡሱ የሚወርድ ሹፌር አልነበረም። ሰሜን መናኸሪያ ግን ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እዚያው ማኅደር ውስጥ ገብቶ የሁለቱንም መናኸሪያዎች ሌሎች ፎቶዎች ፈላለገ። በሰሜኖቹ አንድም ድንጋይ የለም። ቦታቸው በተረጋገጠው የወንዝ ማዶ ፎቶዎች ላይ ግን ድንጋዮቹ አሉ፤ በዚህኛው ፎቶ ከአጥሩ ጀርባ የሚታየው የተሰነጠቀ የውኃ ታንከርም እዚያው አለ። ሁሉንም በቀይ ከቦ አያይዞ ላከ። «አውቀዋለሁ» የሚል ቃል አልጨመረበትም።

ማታ ሚስቱ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። «ሰውዬው ልክ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ፣ አሁን ገና አጸደቅኩለት። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው እኛ መሥሪያ ቤት የለም!»

የሹፌሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ ኩራት ግን እንደ ሳል ነው፣ ታፍኖ አይቀርም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ተሳፋሪው።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ማጽደቄን ልሽር።»

«አንቺ ሴት! አሁን ልክ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ። የራሴን ስሕተት ማመን እችላለሁ፤ የባሌን እውነት ማጽደቅ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ነገ አንዱ ለባሏ ብላ ነው ቢል ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ። ምክትሌ ትየው።»

መናደድ ነበረበት። አልተናደደም። ይህን ያህል የለፋው እንዲህ ባለች ሴት ፊት ለማለፍ መሆኑ ደረቱን አስነፋው።

ምክትሏ እሷው ያሠለጠነቻት፣ በጥብቅነት እሷን የምታስንቅ ወጣት ናት። ቀኑ አልገፋ አለ። ለማንም ጥቆማ ተጨንቃ የማታውቀው ኃላፊ፣ ቤት በገባች ቁጥር «መጣ?» ሆነ ሰላምታዋ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ቀድማው አነሣችና መልእክቱን አነበበች፦ «ማስረጃው የተሟላ ነው። ጸድቋል።»

መስኮቱን በረገደችው። ከታች ጎረቤታቸው ልብስ ታሰጣለች።

«ባሌ ልክ ነበር!» ብላ ጮኸችላት።

ጎረቤቲቱ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዘች ቀና አለች። «ይሄን ያሉት ወደው ነው ወይስ አስገድደውዎት?»

ሹፌሩ ከሚስቱ ኋላ ቆሞ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «በደንብ አልሰማችም መሰለኝ» አላት፤ «እስቲ ድገሚላት።»