እጩ ነኛ

ስልኩ ሲጠራ መነን፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በምትሠራበት የመነጽር ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። የታክሲ ረዳቶች «ለገሃር! ለገሃር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያሉ ስለሚጮኹ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና በሌላው ሰማች።

«መኒ፣ ተሳካ!» አለች ልደት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ምኑ?»

«እጩ ነኛ! በቃ፣ አሁን ነው የነገሩኝ!»

መነን የሰማችው «እጮኛ» የሚለውን ነው።

«የማን?» አለች።

«የማን ትለኛለች እንዴ! የመከላከያ ነዋ! አባዬን ብታዪው፣ እያለቀሰ ነው እኮ። በይ ማታ እነግርሻለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

መነን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የልደት አክስት አንድ የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ሊልክ ነው እያሉ ሲጎተጉቱ ከርመዋል። ልደት ያንን እምቢ ስትል ሌላ ፈልገውላት ኖሯል፤ ያውም ወታደር። አባትየው በደስታ ካለቀሱ ደግሞ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና ለአንድ ሽማግሌ የሌላ ሰው መነጽር አደረገችላቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ዓለሙ ሁሉ ተንጋደደብኝ» አሏት።

ሁለቱ ልጆች ያደጉት ካዛንቺስ፣ አንድ ግድግዳ በሚያዋስናቸው ቤቶች ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የልደት ቤተሰቦች ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። መነን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እትዬ ጥሩዬ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። ብዙም ሳይቆይ ልደት «ለሥራዬ ይቀርበኛል» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። እትዬ ጥሩዬ «ደባሎቹ» ይሏቸዋል። ጥሩ ቃል ነበር። አንዱን ክፍል፣ አንዱን አልጋ፣ አንዱን የቤት ቁልፍ ሁሉ ይሸፍናል። ከሥሩ ያለውን ግን ሁለቱ እንኳ ስም አውጥተውለት አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ይኖራሉ።

ማታ ልደት ስትገባ መነንን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘቻት።

«እንኳን ደስ አለሽ የለም እንዴ?»

«እንኳን ደስ አለሽ። መቼ ነው ሠርጉ?»

«የምን ሠርግ?»

«እጮኛ አልሽኝ አይደል?»

ልደት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እጩ! እጩ መኮንን! አንቺ ደንቆሮ፣ እጩ ነኛ ነው ያልኩሽ!» መነንም እየሳቀች በትራስ መታቻት። ሳቁ ሲበርድ ልደት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጮኛማ አለችኝ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብላ አታውቅም።

መነን ደስታውን ቀምሳ ሳትጨርስ ሌላው ነገር ገባት። እጩ ማለት መሄድ ነው።

የልደት አባት አቶ ሀይሉ ድሮ የመቶ አለቃ ነበሩ። ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ ልብሳቸውን መንገድ ዳር አውልቀው፣ የሰው ኮት ለምነው፣ በእግራቸው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ተናግረው አያውቁም። ልደት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትራመድ እንኳ እንደ እሳቸው ነው፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። ምሕንድስና ተምራ ቢሮ ውስጥ ስትሠራም ልቧ እዚያው ነበር።

«ለአባዬ ብቻ አይደለም» አለች። «ዩኒፎርም ለብሼ ስመጣ ማን ነው ባል አግቢ የሚለኝ? አንድ ቦታ እንኳ ሰው ለሥራዬ ብቻ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ፣ መኒ።»

«ከዚህ ቤት ርቀሽ?»

ልደት ትራሱን አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው።

በሳምንቱ፣ መነን ዕረፍት በነበረችበት ከሰዓት በኋላ፣ የሃምሳ አለቃ ቸሩ የሚባል ሰው ግቢው ውስጥ ገባ። ሲቪል ለብሷል፤ ጫማው ግን በደንብ ተወልውሏል። ስለ እጩዎች ጠባይ ከጎረቤት እየጠየቀ ነው። መነን ወንበር አወጣችለትና ውሃ ሰጠችው። እትዬ ጥሩዬ ልብስ ማስጫው ጋ ደርቆ ያለቀውን አንሶላ እንደ አዲስ ያሰጡ ጀመር።

ሱስ፣ ጠብ፣ ሌብነት አንድ በአንድ ጠየቃት፤ ሁሉንም የለም አለች። ከዚያ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እጮኛ አላት?»

መነን ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

«ለምን መሰለሽ» አለ ቸሩ፣ «የሚጠብቃት ሰው ያላትን አንወስድም። መሃል ላይ ላግባ፣ ልውለድ እየመጣ ተቸግረናል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ እህቴ፣ ሰው ያወራል። ለወንድ ፊት አትሰጥም፣ ነገሯ ሁሉ ከደባሏ ጋር ነው ያለኝ አለ። እንደዚያ ከሆነ ጭራሽ ብቁ አይደለችም። የሠራዊት ክብር የሚባል ነገር አለ። እንግዲህ በቀጥታ ንገሪኝ።»

አንሶላው መንቀሳቀሱን አቆመ።

መነን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «አላት» ብትል ወሬው ይሞታል፣ የልደት ስም ይጸዳል፣ ልደት ማታ ማታ ወደዚች ክፍል መግባቷን ትቀጥላለች። ውሸትም አይደለም። ባለፈው ሳምንት በጆሮዋ የሰማችው ነው።

ስልኩ ውስጥ የነበረው የልደት ትንፋሽ ትዝ አላት፤ ከሩጫ የመጣች ይመስል የተቆራረጠው።

«የላትም» አለች። «አንድ የባንክ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ እምቢ አለችው። ለዚህ ብላ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው ይሄን ነው።»

«ይሄን ብቻ?»

«ይሄን ብቻ።»

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

«ደባሏ። ኪራይ ተወዶ የለ እንዴ፣ ምን ይደረጋል?»

ቸሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እሱስ እውነትሽን ነው። እኔ ራሴ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቄ ነው የምኖረው። ማን ምን አለኝ?» ውሃውን ጨርሶ አመስግኖ ሄደ።

«ጨዋ ልጆች ናቸው ብዬዋለሁ እኮ እኔም» አሉ እትዬ ጥሩዬ ከአንሶላው ጀርባ።

ማታ ልደት ጫማዋን እያወለቀች «ምን ጠየቀሽ?» አለች።

«እጮኛ አላት ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«የላትም።»

ልደት አንዱን ጫማ እንደያዘች ቀረች። «አላት ብትዪ ይቀርብኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብሆን፣ መኒ…» ጫማውን አስቀመጠችው። «እኔ ብሆን አላት የምል ይመስለኛል።»

መነን መብራቱን አጠፋችና አጠገቧ ተኛች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልደት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ማለፏ ተረጋግጦ ሰኞ መሄጃዋ ነው፤ ሹሩባ ይዛ እንዳትሄድ ተነግሯታል። መነን ከኋላዋ ሆና ትፈታላት ጀመር። ራሷ የሠራቻት ሹሩባ ስለነበር የትኛው ከየት እንደሚጀምር ታውቃለች። ቶሎ መጨረስ ስትችል ቀስ አለች። አንዳንዱን ፈትታ፣ የረሳች መስላ፣ መልሳ ትጎነጉነዋለች።

«ኧረ ይመሻል» አለች ልደት።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እጩ።»

ልደት እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የመነንን ጣቶች ያዘች። ሁለቱም እንደዚያ ቆዩ፤ ከውጭ የእትዬ ጥሩዬ ሬዲዮ ያወራል። ከዚያ ልደት ለቀቀቻት፣ መነንም የቀረውን ፈታች።

ሰኞ ጠዋት እጩዎቹን የሚወስደው አውቶቡስ ከለገሃር ይነሳ ነበር። አቶ ሀይሉ በሰፊ ኮታቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ለልጃቸው ሰላምታ ሰጡ፤ ወታደራዊ ሰላምታ። ልደት እናቷን ሳመች፣ አክስቷን ሳመች፣ መነንንም እንደ አክስቷ ሳመቻት። መነን ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማታ እትዬ ጥሩዬ «ሌላ ደባል ላፈላልግልሽ?» ሲሏት አልፈልግም አለች። ከወራት በኋላ ልደት ሥልጠናዋን ጨርሳ ተመረቀች። ለምርቃቱ የተጠሩት ቤተሰብ ብቻ ስለነበሩ መነን የዚያን ዕለት ሥራ ገባች።