ጫማዋን ስታወልቅ

እና እስክሪብቶው ይሞቃል፣ እማዬ ይዛው ስለቆየች ነው፣ የስምምነት ወረቀቱ ላይ ስሟን ጽፋ ፈርማ ሰጠችኝ፣ ሙሉጌጥ፣ የአስተማሪ ጽሕፈቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ከሥሩ ለእኔ የተተወ መስመር አለ፣ ሁለተኛ የቤተሰብ አባል፣ አምለሰት ብዬ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረኝ፣ የታካሚዋ መስመር የለም፣ ወረቀቱን ገልብጬም አየሁ፣ የለም። ታካሚዋ አጠገቤ ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ትፈታለች። ፀዲ። እህቴ። ሰው ሁሉ ይቺ ልጅ ይላታል፣ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች።

ዛሬ ማህፀኗን ያወጡታል፣ እንደ በሰበሰ ጥርስ፣ ግን አልበሰበሰም፣ ጤነኛ ነው። ለእሷ የተነገራት ሆድሽን ሊያዩልሽ ነው፣ ስትወጪ ለስላሳ እንገዛልሻለን። ዶክተር ፊራኦል ክፉ ሰው አይደለም፣ እማዬን እርስዎ እያለ ነው ያስረዳት፣ ፕሮሲጀሩ ሲምፕል ነው እናት፣ የወር አበባ አያስቸግራትም፣ ሌላም ነገር አያሳስብዎትም፣ ሌላ ነገር ሲል ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ፣ ከዚያ ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል ጮክ ብሎ፣ ፀዲዬ፣ እሺ አይደል? እሺ አለች ፀዲ። ጎበዝ፣ ይኸው እሷም ተስማምታለች።

ያቺን እሺ አውቃታለሁ። ከውሃ ሥር ሰምቻታለሁ።

እንጦጦ ከመስኮቱ ማዶ ጉም ለብሷል፣ የባህር ዛፉ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ ያኔም እንዲህ ነበር፣ ለጸበል ይዘናት ስንወጣ፣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ በሩ ጋ ስንደርስ ፀዲ ቀጥ አለች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ሴቶቹ፣ እዩአት እስቲ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሥርዓቱን ታውቃለች፣ የተባረከች፣ የእማዬ እንባ መጣ፣ ፀዲ ደግሞ ጫማዎቿን ጎን ለጎን አድርጋ ቁጭ አለችባቸው።

ጫማ ከሌለ መሄድ የለም፣ ይህ የፀዲ ሕግ ነው፣ ልጆቹ በድንጋይ ያባረሯት ዕለት ማግስት ትምህርት ቤት አልሄድም ያለችው እንዲህ ነው፣ አክስቴ ቤት መሄድ ሲያስጠላት እንዲህ ነው፣ ማሰሪያ ማሰር አትችልም፣ ጠዋት ጠዋት እማዬ ናት የምታስርላት፣ መፍታት ግን ማንም አይቀድማትም። እምቢ የሚለው ቃል አፏ ላይ የለም፣ እምቢዋ እግሯ ላይ ነው። እሺን ያስተማረቻት እማዬ ናት፣ እሺ በይ የኔ እናት፣ እሺ የምትልን ልጅ ማንም አይመታትም።

ሁለት ሴቶች ብብቷ ሥር ገብተው አነሷት፣ ውሃው ወረደባት፣ አልጮኸችም፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት እንኳ እሺ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሲከፈት እሰማታለሁ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ አሁን ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ እጅ ከሚታጠቡበት።

እማዬን መቆጣት አልችልም፣ እንዴት እቆጣታለሁ፣ የካ አባዶ ብሎካችን ላይ አንድ ጎረቤት ነይ ፊልም እናያለን ሲላት ፀዲ እሺ ብላ ተከተለችው፣ እማዬ ከገበያ ስትመለስ ቁልፉ በእሱ በር ላይ ሲዞር ደረሰች፣ ሰውየው ሳቀ፣ እሷ ናት የመጣችው አለ። አሁንም እዚያው ነው፣ ደረጃ ላይ እንደምን አደሩ ይለናል። ሆስፒታል የመጣችው ፀዲ ናት።

እኔ ስሞትስ ትላለች እማዬ፣ አንቺ ባል ታገቢያለሽ፣ እሷን ማን ይጠብቃል፣ ሆዷ ቢገፋስ? መርፌ አለ እኮ እማዬ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበርም አለ፣ ቀስ ብሎ በሥዕል እያሳዩ ራሷን መጠየቅም አለ፣ አንብቤያለሁ፣ መጽሐፍሽን ተይልኝ አለችኝ፣ ተውኩላት። ግን ማህፀኗ ወጥቶም ሰውየው በሩን ይከፍታል። ያኔ የሚያሳብቅበት ነገር አይኖርም፣ ይህ ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ይህን ለምን ጮክ ብዬ አልልም?

ጠዋት ታክሲ ውስጥ የማታውቃትን ሴት ሕፃን ታቀፈችላት፣ አንገቱን በመዳፏ ደግፋ፣ በደንብ ነው የምትይዘው፣ የኔ ደግሞ በኋላ ነው የሚመጣው አለቻት፣ ረዳቱ ሰማና፣ ያኔ ለሁለት ሰው ነው የምትከፍይው እህትዓለም፣ ታክሲው ሁሉ ሳቀ፣ ፀዲም ሳቀች፣ እማዬ ብቻ ወደ ውጭ አየች። ትውለድ አላልኩም። ማንም አልጠየቃትም ነው የምለው፣ የምለው ለራሴ ነው፣ እኔ ወራጅ አለ ማለት የሚያቅተኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ሰፈሬን የማልፍ።

ፀዲ፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሲስተር ርሆቦት ናት፣ አረንጓዴ ጋውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች።

ፀዲ ጎንበስ ትላለች። ማሰሪያውን ትፈታለች፣ አንዱን፣ ሌላውን።

ውይ ጎበዝ፣ እንዴት አወቀች፣ አውልቂ ልላት ነበር፣ በጫማ አይገባም እኮ። ፀዲ ወለሉ ላይ፣ ጫማዎቿ ላይ ቁጭ። እማዬን አያታለሁ፣ ፊቷ ያ የእንጦጦ ፊቷ ነው፣ እንባው መጥቷል፣ እና ድንገት ይገባኛል፣ ኩራት አይደለም፣ ያኔም አልነበረም፣ ታውቃለች፣ ከእኔ በፊት ታውቃለች። ተነሺ እናቴ፣ ወለሉ ይበርዳል ትላታለች። እሺ ትላለች ፀዲ፣ አትነሳም። ዶክተሩ በበሩ ብቅ ይላል፣ ወረቀቱ አለቀ? እስኪ እርዷት፣ አንዲት ጽዳት የምትሠራ ሴት ትመጣለች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ብብቷ ሥር ይገባሉ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣

ውሃ አይወርድባትም እዚህ። ግን ውሃ ይሰማኛል።

ፈርሚላቸው እንጂ አምለሰት ትላለች እማዬ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ማሰሪያዬ ጠብቋል፣ እፈታዋለሁ፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ ቁጭ እላለሁ፣ ወለሉ እውነትም ይበርዳል።

አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ ይላሉ፣ አስታማሚ አይገባም እኮ እህቴ፣ እሺ እላለሁ፣ አልነሳም። ሴቶቹ እጃቸውን ይለቃሉ፣ እማዬ ወረቀቱን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ትይዘዋለች፣ ለማንም አትሰጥም። የፀዲ እሺ ቆሟል። ጫማዎቼን ታያለች፣ ፊት ለፊቴ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ኧረ እንደሱ አይደለም አምሊ፣ ከፍ በይ፣ አንዱን ወደ ሥሬ ትገፋለች፣ ሌላውን ትገፋለች፣ በላዩ ነው፣ በላዩ ቁጭ በይ።